ፊቷን ወደ ምሥራቅ

ሸዋነሽ የጓሮውን በር ቀስ ብላ ዘጋችና አባያዋን በአንድ እጇ ሰብስባ የሐምሪያ ሰፈርን ጠባብ መንገድ ቁልቁል ተያያዘችው። የረመዳን የመጨረሻው ሳምንት ነበር። የሻይ ቤቶቹ መዝጊያ እስከ መሬት ወርዷል፤ ልብስ ሰፊዎቹ ብቻ ለዒድ የታዘዘ ዲሽዳሻ ለማድረስ የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ከመንገዱ ጫፍ ራህማ ታክሲ አቁማ፣ አንድ እግሯን አስገብታ፣ በሩን እንደያዘች ትጠብቃለች።

«ለማዳምሽ ምን አልሻት?»

«ቀብር አለብኝ አልኳት። እስከ ዙሁር ተመለሺ አለችኝ።»

«የማን ቀብር ነው አላለችም?»

«አላለችም።»

ታክሲው ወደ ሩዊ ሰፈር ሲታጠፍ ራህማ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። እመቤት ትናንት አመሻሽ ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርፋለች። ይህን ሸዋነሽም ሰምታ ስታለቅስ ነው ያደረችው። ያልሰማችው የዛሬውን ነው። እመቤት ያገለገለችበት ቤት ጌታ፣ ባባ ሀምዲ፣ በጠዋት ተነስቶ ወረቀቱን ሁሉ አስጨርሷል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ በሙስሊሞች መካነ መቃብር፣ ከወላጅ እናቱ ጎን ሊያስቀብራት ነው። ጎረቤቱ የምትሠራውን ራህማንም አስከሬን ከሚያጥቡት ሴቶች ጋር እንድትሆን አስጠርቷታል።

«አንቺ ምን አልሽው?»

«እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ምን ልበለው? ከዚያ ላንቺ ደወልኩ።» ራህማ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ከእመቤት ጋር በአንድ የግቢ አጥር ግራና ቀኝ ዓመታት ኖረዋል። «ሸዋዬ፣ ማተቧን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ እሷን በእኛ ወግ ባጥባት፣ ኢማሙ ቆሞ ቢሰግድባት፣ ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ? ሙስሊም ናት ብዬ ዋሽቼ ልቅበራት?»

እመቤት በመታወቂያዋ ላይ እመቤት አልነበረችም፤ ነኢማ ነበረች። ከመንዝ ወጥታ አዲስ አበባ ከደላላ እጅ የገባች ጊዜ፣ የሙስሊም ስም ያላት ቶሎ ቤት ታገኛለች ብሎ ሰውየው ስሟን ለወጠው። በዚያ ዘመን እንዲህ ተለውጦላቸው ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር የተሻገሩ ሴቶች ጥቂት አልነበሩም። ሸዋነሽም አንዷ ናት። በመታወቂያዋም በማዳሟም አፍ ኢልሃም ናት። ሁለቱ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሩት ዓርብ ዓርብ ሩዊ ባለው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ብቻ ነበር።

አምና በደብረ ዘይት ሰሞን የጌታ ዳግም ምጽአት ሲሰበክ እመቤት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ሲመጣ ነኢማ ብሎ ቢጠራኝ አቤት አልልም። አንቺም እንዳትዪ» ብላት ነበር። አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን እመቤት ፊቷ ተለወጠ። «የምሬን ነው። እሱን መጠበቅ ማለት ተሸሽጎ መኖር ከሆነማ አይጥም ትጠብቃለች። እማማ ትዳንና ለባባ ሀምዲ እነግረዋለሁ።» እማማ የምትላቸው የሀምዲን እናት ነው። አሮጊቷ ግን አልዳኑም። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ እመቤት ራሷ ኩላሊቷ እምቢ ብሎ አልጋ ያዘች፤ ሳትነግረውም ቀረች።

ዛሬም እሑድ ነው፤ ያውም ደብረ ዘይት።

«ማታ ወንድሟን በስልክ አግኝቼዋለሁ» አለች ሸዋነሽ። «አስከሬኗን ማምጣቱን አንችልም፣ አቅም የለንም፣ በክርስቲያን ወግ ብቻ ቅበሩልኝ ብሎ ለመነኝ። መጀመሪያ ጋሽ አስፋው ጋ እንሂድ።»

አስፋው ሩዊ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ነበር። በልጅነቱ ዲቁና ተቀብሏል። ካህን ለታላላቅ በዓላት ካልሆነ ስለማይመጣላቸው፣ የኢትዮጵያውያኑን ጉዳይ ከጸሎቱ ግቢ አስተዳዳሪዎች ጋር የሚያስፈጽመው እሱ ነው። በሆቴሉ የኋላ በር ወጥቶ፣ የእንፋሎት ላቡን ከግንባሩ እየጠረገ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ነፍሷን ይማር» አለ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየ። «ግን ሸዋነሽ፣ ረጋ ብለሽ አስቢው። ዛሬ ነኢማ ክርስቲያን ናት ብለን ብንነሳ፣ ነገ እንዲህ ያለ ስንት ነኢማ አላችሁ ይሉናል። ዓርብ ዓርብ ከምትቆሙት የእኩሌቶቻችሁ ወረቀት እንደሷው ነው። ለሞተችው ብዬ የቆሙትን እንጀራ ልዝጋ?»

«ታዲያ ዝም እንበል?»

«እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል። ምድርም የሱ ናት። የትም ብትተኛ ሲመጣ ያስነሳታል። ይህንንስ አትጠራጠሪም።»

«አልጠራጠርም። እሱማ ያውቃታል። እኔስ? አውቃታለሁ ነው አላውቃትም የምለው?»

አስፋው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ድምጹን ዝቅ አደረገ። «መታወቂያሽን አምጪ ይሉሻል። ያን ጊዜ ኢልሃም ነሽ ወይስ ሸዋነሽ?»

ይህን ጥያቄ ሸዋነሽ ታክሲው ውስጥ እንዳለች ጀምሮ ስትሸሸው ነበር። አገር ቤት ሕክምና ላይ ያለች እናት አለቻት፤ ሁለት ወንድሞቿ የሚማሩት በእሷ ነው።

«ዛሬ ደብረ ዘይት ነው፣ ጋሽ አስፋው» አለች። «ይመጣል ብለን ነው የምንጾመው። ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ሰው ይፈራል?»

«ፈሪ ነህ ነው የምትዪኝ?»

«ራሴን ነው ያልኩት። አንተንም ከነካህ ይንካህ።»

አስፋው ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ሲከፈት የመኪኖቹ ጩኸት ለአፍታ ወጣና ተመልሶ ተዘጋ። ራህማ የሸዋነሽን ክንድ ይዛ ወደ ታክሲው ጎተተቻት። ዙሁር እየደረሰ ነበር።

የሀምዲ ቤት ዳርሰይት፣ ከቋጥኙ ሥር ነው። ግቢው ውስጥ ዘመድና ጎረቤት ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ደጅ ላይ ሴቶች የጫነ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሀምዲ ረጅም ሽማግሌ ነው፤ መምህር ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። በነጭ ዲሽዳሻና በጥልፍ ቆብ ሆኖ ሊቀበላቸው ሲመጣ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«ያ ራህማ፣ የት ጠፋሽ? ሴቶቹ አንቺን ነው የሚጠብቁት።»

«ባባ፣ ይቺ ከነኢማ ጋር እንደ እህት የኖረች ናት። የምትነግርዎት አላት።»

ሀምዲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሸዋነሽን አያት። «አላህ ያጽናሽ» አለ በዓረብኛ። «ልጄ ነበረች፣ ይህን እወቂልኝ። ከእናቴ ጎን አንድ ቦታ ነበረኝ፤ ለራሴ ያልኩት ነው። ለእሷ ሰጥቻለሁ።»

ሸዋነሽ ለቁጣ ነበር ተዘጋጅታ የመጣችው። ለዚህ ደግነት ግን አልተዘጋጀችም። ዝም ብላ አመስግና ብትወጣ እንዴት ቀላል እንደሚሆን ታያት። ያን ጊዜ ከመኪናው ወንበር ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን መገነዣ ጨርቅ አየችው።

«ባባ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለች በወጥ ቤት ዓረብኛዋ። «ግን እዚያ አትቀበርም።»

«ምን አልሽ?»

«ስሟ ነኢማ አይደለም፤ እመቤት ነው። ክርስቲያን ናት።»

ምንጣፍ ላይ የነበሩት ወንዶች ዞር አሉ። ሀምዲ አልጮኸም። ወደ ደረጃው ወሰዳቸውና ለእነሱ ብቻ በሚሰማ ድምጽ ተናገረ።

«ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤት ኖራለች። ረመዳንን ከእኛ ጋር ጾማለች።»

«የእናንተንም ጾማለች፣ የእኛንም ጾማለች።»

«እናቴ ስትሞት ከጎኗ ማን እንደነበር ታውቂያለሽ? እኔ ሶሃር ከተማ ነበርኩ። እህቶቼም አልደረሱም። ገብቼ ሳይ እናቴ ፊቷ ወደምንሰግድበት ወደ ቂብላ ዞሯል፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ አጠገቧ ቁርኣን በስልክ ይቀራል። የእምነት ቃላችንን፣ ሸሃዳውን፣ በጆሮዋ ያሰማቻት ነኢማ ናት። ክርስቲያን ይህን ያደርጋል?»

ሸዋነሽ ይህን አላወቀችም ነበር። ራህማን አየቻት። ራህማ ቀና አለች።

«ባባ፣ እንዴት እንደምታደርግ የነገርኳት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ዕለት ደወለችልኝ። እማማ ልትሞት ነው፣ ከናንተ ሰው ማንም የለም፣ ምን ላድርግላት አለችኝ። ማዳሜ ቆልፋብኝ ወጥታ ስለነበር ልመጣ አልቻልኩም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዥልኝ አልኳት። ሸሃዳውን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ስልኩን ይዛ ታለቅስ ነበር። ወደ የት ላዙራት ብላ ጠየቀችኝ፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቂብላ አልኳት። ብቻዋን ተሸክማ አዞረቻት።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪ ብላኝ ነበር። እኔ ራሴ እነግረዋለሁ አለች። በኋላ ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት? ‹የእኔ እምነት አይደለም፣ የሳቸው ነው፤ እኔ እያለሁ ሰው ያለ ሃይማኖቱ አይሞትም› ነው ያለችኝ። ወላሂ ይሄንኑ ነው ያለችኝ።»

ሀምዲ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ሸዋነሽ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ባባ፣ እናትዎን ወደ ምዕራብ አዞረችልዎት» አለች። «እሷን ወደ ምሥራቅ ያዙሩልኝ። የእኛ ሙታን ወደዚያ ነው ፊታቸው። ጌታችን ከዚያ ይመጣል ብለን ነው።»

ሀምዲ የቆቡን ጥልፍ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ የተናገረው የተጎዳ ሰው ንግግር ነበር። «ብትነግረኝ አባርራት ነበር? እንዲህ ያለ ሰው ነኝ?»

«አላውቅም፣ ባባ። እሷም አላወቀችም። ደፍሮ የሞከረ ስለሌለ እርስዎም አያውቁትም።»

ሀምዲ ይህን እንደ ስድብ ሊወስደው ይችል ነበር። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«ሙስሊም ናት ብዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «የኔን ቃል የሚሽር ሰው የመንግሥት ሹም ፊት ቀርቦ፣ መታወቂያውን ሰጥቶ መመስከር አለበት። አንቺን ማን ይሉሻል?»

«መታወቂያዬ ኢልሃም ይላል። የኔም እንደሷ ነው።»

አያት። ምን እንደምትከፍል ገብቶታል። ከዚያ ቆቡን ደፋና ተነሳ። «ያላ፣ እንሂድ» አለ፤ ምንጣፉ ላይ ወዳሉት ሰዎች ሄዶም ሶላቱ እንደቀረ በአጭሩ ነገራቸው። ከመካከላቸው አንዱ በቁጣ ሲነሳ ሀምዲ እጁን ትከሻው ላይ ጭኖ አስቀመጠው። ምን እንዳለው አልተሰማም።

የአስከሬን ጉዳይ የሚያየው ሹም ወጣት ነበር፤ ጾሙ ከንፈሩን አድርቆታል። የዒድ ዕረፍት ስለደረሰ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ለማቃለል ይጣደፋል። የሀምዲን ንግግር ሰምቶ ሲጨርስ እጁን ወደ ሸዋነሽ ዘረጋ። መታወቂያዋን ሰጠችው።

«ኢልሃም» ብሎ አነበበ። «ሙስሊም።»

«ካርዱ እንደዚያ ይላል። እኔ ሸዋነሽ ነኝ። ክርስቲያን ነኝ። የሟቿም ስም እመቤት ነው፤ እሷም ክርስቲያን ናት።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ያን ስም ለአንድ የመንግሥት ሰው ተናግራው አታውቅም። ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«የምትዪውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እጽፈዋለሁ። አንዴ ከጻፍኩት አይፋቅም። አሠሪሽ ይጠየቃል፣ አገርሽም ይጠየቃል። አሁን ብትወጪ ግን እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።»

ይህን የተናገረው በክፋት አልነበረም፤ ሸዋነሽም ተረድታዋለች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነበር። ራህማ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል።

«ይጻፉት» አለች ሸዋነሽ።

ጻፈው። ስሟን ሦስት ጊዜ አስደግሟት በዓረብኛ ፊደል ለቃቀመው። ከዚያ አስከሬን ለግለሰብ እንደማይሰጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወገን ተቀብሎ የሚፈርም ሰው ከመዝጊያው ሰዓት በፊት መምጣት እንዳለበት ነገራት። ሸዋነሽ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

«ጋሽ አስፋው፣ ተናግሬያለሁ። ስሜን ሰጥቻለሁ። አሁን የጎደለው የሚቀበላት ሰው ነው።»

በስልኩ ውስጥ የልብስ ማጠቢያዎቹ ድምጽ ብቻ ይሰማል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ተቀመጡ። ሀምዲ አንድ ወንበር ዘሎ፣ መቁጠሪያውን በጣቱ ያንቀሳቅሳል። የዙሁር አዛን ተሰማ፤ ሀምዲና ራህማ ተነስተው ሰግደው ተመለሱ። የሌሎቹ ክፍሎች በር ተራ በተራ ተዘጋ። ሸዋነሽ ሰዓቱን ማየት ትታ ነበር። አስፋው እንደማይመጣ ልቧ እየነገራት፣ ቢሆንም እንደማትነሳ ታውቅ ነበር። ጎትተው ያስወጡኛል እንጂ በእግሬ አልወጣም ብላ ቆርጣለች። ሹሙ ቁልፉን ይዞ ብቅ ሲል አላየችውም፤ ያየችው ከሱ በስተጀርባ በሩጫ የሚመጣውን ነው። አስፋው የሆቴሉን ሸሚዝ ከነስም መለያው እንደለበሰ ነበር። የጸሎቱ ግቢ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በእጁ ይዟል።

ወደ ሸዋነሽ አላየም። «የት ነው የምፈርመው?» አለ።

እመቤትን ያጠቧት ሾልከው መምጣት የቻሉ ጥቂት ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ራህማ ውሃ ቀዳችላቸው። ሀምዲ የገዛውን ነጭ ጨርቅ በራህማ እጅ ልኮ፣ «ጨርቅ ሃይማኖት የለውም፤ ከፈቀዳችሁ ይህን አልብሷት» አለ። ሸዋነሽ ተቀበለችው። ማተቧን አላቀቀቻትም፤ ሁልጊዜ ከልብሷ ሥር ትደብቀው የነበረውን መስቀል ግን አውጥታ ከደረቷ በላይ አደረገችው።

የክርስቲያኖቹ መቃብር ከከተማው ወጣ ብሎ በተራቆቱ ተራሮች መካከል ነው። ቆፋሪዎቹ ሕንዶች ነበሩ። ጭንቅላቷ በየት በኩል ይሁን ብለው በምልክት ጠየቁ፤ አስፋውና ሸዋነሽ እኩል ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። ቀና ብትል ፀሐይ መውጫውን ታያለች። ካህን አልነበረም። አስፋው የሚችለውን ጸሎት በግዕዝ ደገመ፤ ከዚያ የዕለቱን የደብረ ዘይት ዝማሬ ጀመረ። የጀመረው እንደ ዓርቡ ልማዳቸው ነበር፤ ከአጥር ወዲያ እንዳይሰማ፣ በጥርስና በከንፈር መካከል። ሸዋነሽ ግን ተቀበለችው፤ ስትቀበል ድምጿን አላፈነችም። ዓመታት በሰው ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ስትዘምር የኖረች ሴት ድምጽ አይመስልም ነበር፤ ወፍራምና ሻካራ ነው፣ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ሌሎቹ ሴቶች ደንግጠው አይዋት። ከዚያ አንዷ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም። አስፋውም ዓይኑን ጨፍኖ በሙሉ ድምጹ ይመጣል፣ በክብሩ ይመጣል እያለ አሰማ። በሩ አጠገብ ቆሞ የነበረው ሀምዲ ቃሉ አይገባውም፤ ቢሆንም እስኪጨርሱ ድረስ አልተቀመጠም።

አፈሩ ሲያልቅ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ከሩቅ መጣ። ሀምዲ ከመኪናው ቴምርና ውሃ አወጣ፤ ለራህማ ሰጣት፣ ከዚያ ለክርስቲያኖቹም አዞረ። እነሱም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር። ቆመው በሉ።

የሸዋነሽ ስልክ ጮኸ። ማዳሟ ናት።

«ኢልሃም፣ የት ነሽ? ኢፍጣር ያለ አንቺ ደረሰ እኮ። ዙሁር አላልኩሽም?»

«አጥፍቻለሁ ማዳም፣ መጣሁ። ግን ኢልሃም አይደለሁም። መጥቼ እነግርሻለሁ።»

ሄዳም ነገረቻት፤ ሰሃን ከሚታጠብበት ገንዳ አጠገብ ቆማ። ማዳሟ ሰማቻት፣ ከልጆቿ አንዱን ለማስተኛት ወጣች፣ ተመልሳም ያንን ነገር አላነሳችም። ባልየው ግን ዒዱ እንዳለፈ የዋሸች ሴት ቤቴ አታድርም አለ። ማዳሟ ሻንጣዋን እስከ በሩ ራሷ ተሸከመችላት፤ ትንሹ ልጅ ቀሚሷን ይዞ እምቢ ሲል ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው እናቱ ናት።

ራህማ አንዲት የአገሯ ልጅ ተከራይታ በምትኖርበት ሩዊ ባለ ክፍል ፍራሽ አስገኘችላት። ሀምዲ መልእክት ላከ፦ ወረቀቷ በራሷ ስም ከተስተካከለ፣ ቤቱ የእህቱን ልጆች የምትይዝ ሰው ይፈልጋል። ሌላው ግን እንዲህ አልቀለለም። ዓርብ ዓርብ ግቢው ውስጥ የምታገኛቸው አንዳንዶቹ ሴቶች ራቅ ብለው መቆም ጀመሩ። ዘቢባ ተብላ የምትኖር የደብረ ማርቆስ ልጅ በሰው ፊት፣ «ለሬሳ ብለሽ የኛን ቤት አቃጠልሽ» ብላት ሰላምታ ነሣቻት። ሸዋነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጸሎቱ ገባች። እናቷ በስልክ ምን ሆነሽ ነው ድምጽሽ የጠፋው ስትላት ሥራ ቀይሬ ነው አለች፤ ይህም እውነት ነበር። አንዳንድ ቀን ፍራሹ ላይ ተኝታ ልክ አደረግሁ ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። ልክ አላደረግሁም የሚል መልስ መጥቶላት አያውቅም፤ ፍርሃቱ ግን ይመጣ ነበር፣ ከፍርሃቱም ጋር ተነስታ ትሄድ ነበር።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንድ ጠዋት ስሟን ለማስተካከል የአገሯ ቆንስላ ቀረበች። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ የሹሙን ወረቀት ገልብጦ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሰለቸው ሰው ነበር።

«አገር ቤት ይጻፋል» አለ። «ልደትሽ ከቀበሌ፣ ክርስትናሽ ከደብርሽ ይጣራል። ቅጣት ይኖራል። ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ እስከዚያ ሥራ መግባት የለም፣ መጓዝም የለም። ብዙዎቹ እዚህ ሲደርሱ ይተዉታል። ትጠብቂያለሽ?»

«መጠበቁን ለምደነዋል» አለች ሸዋነሽ።

ሠራተኛው ቀና ብሎ አያትና ወረቀቱን ገፋላት። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጻፈች። ስትጨርስ ወደ መቀመጫዎቹ ተመልሳ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባለች፤ ግራ በመጋባት ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ዘቢባ ነበረች። ሸዋነሽን ስታያት ልትመለስ እጇን ወደ በሩ እጀታ ሰደደች፤ እዚያው ላይ ቆየች፤ ከዚያ ተወችው።

«ወረፋው ካንቺ ቀጥሎ ነው?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ሸዋነሽ ቦርሳዋን ከአጠገቧ ካለው ወንበር ላይ አነሳች።

«አዎ» አለች። «ተቀመጪ።»